ለፊርማ ሄደን መርዶ አደረስን

ሥራዬ ማማከር ነው። በትክክል ለመናገር፣ ገቢያቸው አነስተኛ የሆኑ ሰዎች የቤት መሥሪያ ብድር እንዴት እንደሚያገኙ አማክራለሁ። ይህን ቢቸና ውስጥ ለማስረዳት ስንት ጊዜ እንደደከምኩ እኔና ፈጣሪ እናውቃለን።

«ቤት ትሠራለህ?» ይሉኛል።

«አልሠራም።»

«ታዲያ ብር ታበድራለህ?»

«እሱንም አላደርግም።»

«እና ምን ታደርጋለህ?»

«እመክራለሁ።»

«እሱንማ አያትህም ያደርጉት ነበር። በነፃ!»

እውነታቸውን ነው። መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ ይባላል፤ መካሪውን ማን እንደሚመክረው ግን የነገረኝ የለም። አሁን የማወራችሁ ነገር የደረሰብኝም እኔን የሚመክር በጠፋበት ሳምንት ነው። አንዳንድ ሰው ሲሰማው ይስቃል። እኔ ግን ሳስታውሰው እስከ ጆሮዬ ድረስ ያቃጥለኛል፤ ስለዚህ ስትስቁ ቀስ ብላችሁ ሳቁ።

ቢቸና ውስጥ አንድ የቤት ሥራ ማኅበር አለ። አባላቱ መምህራን፣ ካህናት፣ የቢሮ ጸሐፊዎችና የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ከልጆቻቸው አፍ እየነጠቁ ሲቆጥቡ ኖረው ማዘጋጃ ቤቱ ቦታ ሊሰጣቸው፣ አበዳሪውም ሊያበድራቸው ተቃርቧል። የእኔ ድርሻ የእያንዳንዱን አባል ማመልከቻ አሟልቼ እስከ ዓርብ ማስገባት ነበር። ሁሉም ተሟላ፤ የመሪጌታ ልሳነወርቅ ብቻ ቀረ።

መሪጌታ የቅኔ መምህር ናቸው። ጉባኤ ዘርግተው ማስተማር የጀመሩት እኔ ሳልወለድ ነው። ከእግራቸው ሥር ተነስተው አለቃ የሆኑ፣ መምህር የሆኑ ብዙ ናቸው። ቤት ግን የላቸውም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እትዬ ጥሩዬ የሚባሉ ሴት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ነው የሚኖሩት። የአበዳሪው ደንብ ደግሞ በዕድሜ የገፋ ተበዳሪ በዕድሜ የሚያንሰው የቅርብ ዘመድ አብሮት ካልፈረመ ማመልከቻውን አያይም።

«ልጅ አለዎት?» አልኳቸው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተቀምጠን።

«አለችኝ። ይታይሽ ትባላለች። ሞጣ ነርስ ናት።»

«እንግዲያው አለቀ! የአንድ ፊርማ ጉዳይ ነው።»

ጭራቸውን ወዲያና ወዲህ አወናጨፉ። ዝንብ አልነበረም።

«አንነጋገርም» አሉኝ። «አራት ዓመታችን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ሲያርፉ ይታይሽ አባቷን «ሞጣ መጥተው ከእኔ ጋር ይኑሩ» ብላ ለመነቻቸው። መሪጌታ ደግሞ በአማች ቤት ተጧሪ መሆን ሞት ነው የሚሉ ሰው ናቸው፤ ጉባኤያቸውንም ጥለው አይሄዱም። ነገር ነገርን አነሳና ይታይሽ ተናደደች። «እንግዲያውስ ልጆቼን ይዤ ልጠይቅዎት ብመጣ የት ላርፍ ነው? ቤት እንኳ የለዎት!» አለቻቸው። በዚች ቃል ተለያዩ። እሳቸውም ኮሩ፣ እሷም ኮራች።

«ታዲያ አሁን ብቻዎን ሆነው ቤቱን ለምን ፈለጉት?» አልኳቸው። አማካሪ ነኝና ጥያቄ አያልቅብኝም።

«የማርፍበት የለም ብላ የለ?» አሉኝ ወደ ሌላ አቅጣጫ እያዩ። «ይኑራት ብዬ ነው። አንተ ግን ትንፍሽ እንዳትል። ለምኖ አስፈረመኝ እንድትል አልሻም።»

ከዚያ በኋላ ማመልከቻው ማመልከቻ መሆኑ ቀረብኝ። እስከ ዓርብ ካልተፈረመ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል፤ ሌላ ዙር ይመጣል ቢባል እንኳ መሪጌታ የሚጠብቁበት ዕድሜ የላቸውም። በሥራዬ ቤት ያጣ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ልጁን መልሶ ሊያገኝበት ያሰበውን ቤት ሲያጣ ግን አይቼ አላውቅም፤ ማየትም አልፈለግሁም።

«እርስዎ አይናገሯትም» አልኳቸው። «እኛ ሄደን እናናግራታለን።»

እኛ ያልኩት ሁለት የማኅበሩን አባላት ጨምሬ ነው። አንዱ ሊቀመንበሩ ጋሽ ስማቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሌላው ቄስ አበጀ ናቸው። ከአባቷ የተቀያየመችን ልጅ ያለ ሽማግሌ ማናገር ነውር ነው፤ ይህን ያህል ወግ አውቃለሁ። ያላወቅሁትን ደግሞ ሞጣ አስተማረችኝ።

ረቡዕ ከሰዓት አውቶቡስ ተሳፈርን። ጉልበቴ ላይ ማኅደሬን ይዤ፣ ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው የያዘው ዶሮ ጆሮዬን እየነካካኝ፣ መንገዱን ሙሉ ሁለቱን ሽማግሌዎች ደንብ ሳስጠና ዋልኩ። «ባለትዳር ስለሆነች ባሏም መስማት አለበት። ብቻዋን ከሆነች ፊርማው ዋጋ የለውም። ይህን እንዳትረሱ!» ቄስ አበጀ እንደ ዳዊት ደጋግመው ያዙት። ምነው ባልያዙት!

ሞጣ አደርን። ማታውን ጋሽ ስማቸው፣ «ነገ ረፋዱ ላይ ብንሄድ አይሻልም?» ብለው ነበር።

«ሥራ ትገባለች» አልኩ። «ደንበኛ የሚገኘው በማለዳ፣ በቤቱ ነው።» አንድ ሥልጠና ላይ ነው የተማርኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት ሥልጠናው ላይ አላነሱትም።

ሐሙስ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሳን። ቄስ አበጀ ጥምጥማቸውን አሳምረው መስቀላቸውን ያዙ። ጋሽ ስማቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ከዘራቸውን ጨበጡ። እኔ ደግሞ ባለሙያ መምሰል አለብኝና ጥቁር ሱፍ ከጥቁር ከረባት ጋር ለበስኩ።

ከመካከላችሁ ጎጃም ያደገ ካለ ይኼኔ እጁን አፉ ላይ ጭኗል። ሰው በሩቅ አገር ሲሞትበት መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሽማግሌዎች ለብሰው፣ ካህን ይዘው፣ ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሱበታል። ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ሐዘንተኛው ራሱን እንዳይጎዳ። መጀመሪያም «ደህና ናቸው» ይባላል፤ ልቡ በአንዴ እንዳይሰበር። ለዕርቅ የሚሄድ ሽማግሌም ለባብሶ፣ በማለዳ ነው የሚሄደው። ልዩነቱን የሚያውቀው የሄደበት ሰው ብቻ ነው።

ከይታይሽ ቤት በፊት ያለ አጥር በር ላይ አንዲት ሴት ይጠርጋሉ። ጋሽ ስማቸው ጠየቋቸው። «ይታይሽ የምትባል ነርስ ቤቷ የቱ ነው? ከቢቸና፣ ከአባቷ ዘንድ ነው የመጣን።»

ሴትዮዋ መጥረጊያውን ለቀቁት። «ምነው፣ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው! በጣም ደህና ናቸው!» አልኩ እኔ ፈጥኜ።

ቄስ አበጀ ደግሞ ትምህርታቸውን አልረሱም፤ ቀረብ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ «ባለቤቷ ቤት አለ ይሆን? ብቻዋን ባትሆን ነው የሚሻለው» አሏቸው።

ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። እየመሩን ሲሄዱ በየበሩ በዓይናቸው ይጠቅሳሉ፣ ከየበሩም ሰው ይወጣል። ዞር ስል አሥር ሰው ተከትሎናል። እግዜር ያሳያችሁ፣ እኔ በዚህ ሰዓት ምን አሰብኩ? ለካ ሞጣም የቤት ብድር ፈላጊ ሞልቶባታል ብዬ፣ የአድራሻ ካርዶቼ ኪሴ ውስጥ መኖራቸውን ዳበስኩ።

ይታይሽ የሥራ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩን ከፈተች። ጥምጥሙን አየች። ከዘራውን አየች። የእኔን ከረባት አየች። ከኋላችን የቆሙትን ጎረቤቶቿን አየች።

«አባቴ?» አለች።

«አዎ፣ የአባትሽ ጉዳይ ነው» አልኳት በሙያዬ ድምፅ። «እስቲ መጀመሪያ ብትቀመጪ ይሻላል።»

አልተቀመጠችም። እንደቆመች ወደቀች። ከዚያ ያወጣችውን ጩኸት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ባሏ ከጓዳ ሮጦ ወጣ፣ ሴቶቹ እጇን ያዙ፣ ሰፈሩ በአንድ እግሩ ቆመ።

«ኧረ አልሞቱም!» ብዬ ጮህኩ። «ትናንት አብረን ነበርን!»

አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። የሰፈሩ ዕድር ዳኛ ናቸው። «ልክ ነህ ልጄ» አሉኝ በሐዘኔታ። «ሁላችንም ትናንት አብረን ነበርን። ሞት እንዲህ ነው።»

«በሕይወት አሉ እያልኩዎት ነው!»

«በቃ፣ በቃ። አንዴ ከተነገረ ወዲያ መልሶ አሉ ማለት እሷን ማሰቃየት ነው። ነውርም ነው።»

ጋሽ ስማቸው ሊያስረዱ ሞከሩ፤ የሚሰማቸው አጡ። ቄስ አበጀ ሕዝቡን ዝም አሰኝተው እውነቱን ሊናገሩ ብድግ አሉ፤ መስቀላቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰው ሁሉ ጸሎተ ፍትሐት መስሎት ቆመ። አማትቦ ሲያበቃ የበለጠ አለቀሰ። የለቅሶው ድንኳን ለመተከል ስንት ደቂቃ እንደፈጀ አላውቅም። እኔ ለአንድ የግንባታ ፈቃድ ወር ሙሉ የምመላለስ ሰው፣ ዕድር ቤት ሲሠራ እንዲህ እንደሚፈጥን አላውቅም ነበር።

ስልክ እንዳትሉኝ። መሪጌታ ስልክ አይዙም፤ የእትዬ ጥሩዬ ደግሞ ዝግ ነው። እየደጋገምኩ ስደውል የቅርብ ዘመድ መስዬያቸው አግዳሚ ላይ ከፊት አስቀመጡኝ። ሰው እየመጣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ይለኛል። የመጀመሪያዎቹን «ኧረ እኔ…» እያልኩ ተከራከርኩ። በኋላ ደከመኝና «አሜን» ማለት ጀመርኩ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን የእትዬ ጥሩዬ ስልክ ጠራ። ዳኛውንና ባሏን ጠርቼ ድምፁን ከፍ አድርጌ ለቀቅሁት። «እትዬ ጥሩዬ! መሪጌታን ያገናኙኝ፣ በፈጠረዎት!»

እትዬ ጥሩዬ እያለቀሱ ነው። «ወይኔ! ወይኔ! ምን ጉድ ነው የመጣብን! ወይኔ!» ከዚህ ሌላ ቃል አልወጣቸውም፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ዳኛው አዩኝ። «ከዚህ ወዲያ ምን እንዲነገርህ ትፈልጋለህ?» አሉኝ። እኔ ራሴ ለአፍታ ተጠራጠርኩ። ሌሊቱን አርፈው ይሆን?

የሆነው ሌላ ነው። ከሞጣ አንድ ሰው ቢቸና ላለ ዘመዱ ደውሎ፣ «ይታይሽ ቤት ድንኳን ተጥሏል» ብሏል። ማን እንደሞተ አልነገረም። ወሬው መሪጌታ ዘንድ ሲደርስ ለእሳቸው ትርጉሙ አንድ ብቻ ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ልጄን እያሉ መኪና ተሳፈሩ። እትዬ ጥሩዬም ያለቀሱት ለይታይሽ ኖሯል።

እኛ ይህን አናውቅም። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን እንሰማለን። ይታይሽ ደረቷን እየመታች ታወርዳለች፦

«ቤት የለህም ብዬ ተናግሬህ ነበር፣
ዛሬ ቤት ገባህ ወይ ከእናቴ መንደር?»

ሴቶቹ ተቀበሏት። እኔ አቀረቀርኩ። አባቷ ሊሠሩላት ያሰቡትን ቤት ወረቀት ጉልበቴ ላይ ይዣለሁ፤ እንዳልናገር ቃል ገብቻለሁ፤ ብናገርም በሐዘኗ ላይ ሌላ ሐዘን መጨመር ነው። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ለሙያ አይደለም፣ ለይሉኝታም አይደለም። አጠገቤ የነበሩት ሰውዬ «አይዞህ፣ ጥሩ ሰው ነበሩ» አሉኝ። መሪጌታን አይተዋቸውም አያውቁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ከመንገዱ ወዲያ የወንድ ለቅሶ ተሰማ። ከሩቅ የመጣ ለቀስተኛ ነውና ሰው ሁሉ እንደ ወጉ ሊቀበል ተነሳ። አንድ አዛውንት አቀርቅረው፣ አቧራ ለብሰው ወደ ድንኳኑ ገቡ። ዳኛው ክንዳቸውን ያዙ።

«እግዜር ያጽናዎት አባ። ለሟች ምኗ ነዎት ልበል… ምኑ ነዎት?» ዳኛው በድካም ተምታታባቸው።

«አባቷ ነኝ» አሉ መሪጌታ።

ይታይሽ ቀና አለች። አንዲት ሴት አግዳሚ ዘላ ወጣች፣ የንፍሮው ሰፌድ ተገለበጠ፤ በሕይወት መኖራቸውን ሲምሉ የዋሉት ቄስ አበጀ እንኳ አማተቡ።

አባትና ልጅ ግን አልተንቀሳቀሱም። ተያዩ።

«አለሽ?» አሏት።

«አሉ?» አለቻቸው።

ከዚያ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። እሳቸውም አብረዋት መሬት ተቀመጡና፣ ሽበታም ራሳቸውን ትከሻዋ ላይ ጥለው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ። ማን ማንን እንደሚያጽናና አልለየንም። ሰፈሩ ጠዋት ካለቀሰው የበለጠ አለቀሰ፤ ልዩነቱ አሁን እንባውን የሚጠርግ አልነበረም።

ነገሩ ከተጣራ በኋላ ስለተወረወረብኝ ስድብ አላወራም። ይገባኝ ነበር። ብቻ ጎረቤት ያመጣው እዝን ተደርድሮ ቆየና ዳኛው ተጨነቁ። የለቅሶ ቤት ምግብ ወደመጣበት አይመለስም፤ ሳይባረክም አይበላም። የሚባርከው ደግሞ በማዕረግ የሚበልጠው ነው። ሁላችንም ቀስ ብለን ወደ መሪጌታ ዞርን። መሪጌታ ልሳነወርቅ ተነስተው የራሳቸውን እዝን ባረኩ። ከዚያ አንድ ጉርሻ ቀመሱና፣ «ለእኔ ሲሆን ጨው ቆጠባችሁ?» አሉ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እኔ ሞኙ ወረቀቱን እንደያዝኩ ነበር። ሰው ሲበታተን፣ ነገ ዓርብ መሆኑን ሳስብ፣ ማኅደሬን ከፈትኩ። ይታይሽ ወስዳ አነበበችው። አንዱ አንቀጽ ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ።

«'ተበዳሪው በሞት ቢለይ' ይላል!» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። «ጠዋት አልቅሼላቸው፣ ከሰዓት ደግሞ ቢሞቱ ብዬ ልፈርም? አላደርገውም!»

ባሏም «ልክ ናት፣ ዛሬማ አይሆንም» አለ። ዛሬ ካልሆነ ደግሞ አልሆነም። ምክር ለመስጠት አፌን ከፈትኩ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ምክር አልነበረኝም።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እኔኮ ዛሬ ሞቻለሁ። ድንኳን ተጥሎልኛል፣ ሙሾ ወርዶልኛል፣ እዝኔንም በልቻለሁ። የሞቱን ዕዳ ጨርሻለሁ፤ የቀረኝ ቤት ብቻ ነው።»

ሁላችንም ሳቅን። ይታይሽ አልሳቀችም። «አሁን ቤት ምን ያደርግልዎታል?» አለቻቸው በቀስታ።

መሪጌታ እኔን አዩኝ፣ መሬቱን አዩ፣ ጭራቸውን ፈልገው አጡት። «መጥተሽ የምታርፊበት ይሁን ብዬ ነው» አሉ።

እስክሪብቶውን ከእጄ ነጠቀችኝ። ስትጽፍ እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ በነጭ ልብሷ እጅጌ ደጋግማ ትጠርገዋለች። ዝቅ ብዬ አላነበብኩም፤ አጣጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ዓርብ ከሰዓት ቢቸና ያለው የአበዳሪው ቢሮ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ማመልከቻ የምትቀበለው ሴት ቅጹን መስመር በመስመር አየችና አንድ ቦታ ላይ ጣቷን አስቀመጠች።

«ይኼ ተበላሽቷል» አለችኝ። «ከተበዳሪው ጋር ያላት ዝምድና ነው የተጠየቀችው። 'ልጅ' ብላ መሙላት ነበረባት። ምን ጻፈች እይ።»

አየሁ። ይታይሽ በትልልቅ ፊደል፣ ከመስመሩ አልፋ፣ «አባቴ ነው» ብላ ጽፋለች።

«ሌላ ቅጽ ውሰድና አስፈርመህ ተመለስ» አለችኝ።

ነጥብ ጎደለ፣ ቀን ተዛባ እያልኩ ስንቱን ምስኪን ከደጅ የመለስኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ጠረጴዛዋ ፊት ተቀመጥኩ።

«እህቴ፣ ይህን ለመጻፍ አራት ዓመት ፈጅቶባታል» አልኳት። «ድገሚው ብዬ አልሄድም።»

አየችኝ። የቅጹን መስመር እንደገና አነበበችው። ከዚያ መሳቢያዋን ከፈተችና ማኅተሙን አወጣች።